ከሰል ብርሃን ይበላል፦ ከመሬት በታች ባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የመብራት ደህንነት ሕግን የማሟያ ዝርዝር መመሪያ

ተቆጣጣሪው የብርሃን መለኪያውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትንሽ ቆየና ቁጥሩን ለፎርማኑ አሳየው። 0.04 ይላል። የጣሪያ ቦልት መትከያው ማሽን መብራቶች በሙሉ በርተዋል፤ አንድም የተቃጠለ የለም። እኔ ያኔ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ገና ቀይ ሄልሜት የማደርግ ጀማሪ ነበርኩ፤ እዚያ አዲስ ገቢ የሚታወቀው በሄልሜቱ ቀለም ነው። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን ምንም ሳይናገር ከኋላ ኪሱ እራፊ ጨርቅ አወጣ። ማሽኑ ጠፍቶ ብሬከሩ ከተቆለፈ በኋላ የመብራቶቹን መስታወት አንድ በአንድ ጠረገ። ጨርቁ ላይ የቀረው የከሰል ዱቄትና የሃይድሮሊክ ዘይት ተላቁጦ ጥቁር ሊጥ መስሏል። እንደገና ሲበራ መለኪያው 0.07 አነበበ። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 0.06 ነው። ተቆጣጣሪው ግን ጥፋቱን ከመጻፍ አልተመለሰም፤ የተያዘው ንባብ ከጠረጋው በፊት ያለው ነበር።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ አምፖሉ ስንት ዋት እንደሆነ ይጠይቃል። ሕጉ ዋት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከጣሪያው፣ ከግድግዳውና ከወለሉ ተመልሶ ወደ ሠራተኛው ዐይን የሚደርሰውን ብርሃን ነው። ከሰል ደግሞ ብርሃን በላ ነው፤ ካረፈበት መቶ እጅ ውስጥ አራት ወይም አምስት እጁን ብቻ ነው የሚመልሰው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

የትኛው ሕግ?

የምጽፈው ስለ አሜሪካ የፌዴራል ሕግ ነው፤ የሠራሁበትም እሱ ነው። በፌዴራል ደንቦች ስብስብ ርዕስ 30፣ ክፍል 75 ውስጥ ከ75.1719 እስከ 75.1719-4 ያሉት አንቀጾች ስለ መብራት ይደነግጋሉ። አስፈጻሚው በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የማዕድን ደህንነትና ጤና አስተዳደር ነው፤ ማዕድን ቤት ውስጥ ሁሉም በምህጻሩ «ኤምሻ» ይለዋል።

አገር ቤት ያሉ የማዕድን ምህንድስና ምሩቆች አልፎ አልፎ በቴሌግራም «ጋሼ፣ እኛ ጋ ቁፋሮው ክፍት ነው፣ ይህ ምን ይጠቅመናል?» ይሉኛል። ክፍት ቁፋሮ ላይ ፀሐይ አለች፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር አይመለከታችሁም። ነገር ግን ከሰል እየጠለቀ ሲሄድ ሰውም አብሮት መውረዱ አይቀርም። ያኔ የመጀመሪያው የዋሻ መብራት ከመገዛቱ በፊት ይህን ያነበበ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ከመሬት በታች መብራት ለምን እንደሚፈራ በአጭሩ ላንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ከሰል ሚቴን የሚባል ጋዝ ያመነጫል። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። በ1812 እንግሊዝ አገር ፌሊንግ በተባለ ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 92 ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በቀጭን የሽቦ ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ፤ እሳቱ በወንፊቱ ቀዳዳ ሲያልፍ ሙቀቱን ለሽቦው ስለሚተው ውጭ ያለውን ጋዝ አያቀጣጥልም። አሜሪካ ውስጥ ኖቬምበር 20 ቀን 1968 ዌስት ቨርጂኒያ ፋርሚንግተን አጠገብ በደረሰው ፍንዳታ 78 ሠራተኞች አለቁ። በማግስቱ ዓመት በ1969 የወጣው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጤናና ደህንነት ሕግ ሠራተኛ ያለበት የሥራ ቦታ ሁሉ በተፈቀደ መብራት እንዲበራ የሚያዝ ድንጋጌ ይዞ መጣ። «የተፈቀደ» የሚለው ቃል እዚህ ተራ ቃል አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ ከአሳንሰሩ በፊት፣ ከመብራት ክፍሉ ይጀምሩ

ወደ ታች የሚወርድ ሰው ሁሉ፣ እንግዳም ሆነ ሥራ አስኪያጅ፣ ፈቃድ ያለው የሄልሜት መብራት ወይም ከዚያ የማያንስ በእጅ የሚያዝ መብራት መያዝ አለበት። ሄልሜቱ በግራ፣ በቀኝና በኋላ በእያንዳንዱ ቢያንስ 6 ካሬ ኢንች አንጸባራቂ ቴፕ ወይም ቀለም ሊኖረው ይገባል። ስድስት ካሬ ኢንች ማለት የክብሪት ሳጥን ጀርባ ሁለት ጊዜ ያህል ነው። ሠራተኞች ሄልሜታቸው ላይ የማኅበር፣ የኳስ ቡድን፣ የባንዲራ ተለጣፊ መደርደር ይወዳሉ፤ ተለጣፊው ቴፑን ሲሸፍነው ቴፑ እንደሌለ ይቆጠራል። በየወሩ አንድ ቀን ሁሉንም ሄልሜት በመስመር አስቀምጠው፣ መብራት አጥፍተው፣ በአንድ የእጅ ባትሪ ከ20 እርምጃ ይዩዋቸው። የትኛው እንደሚጠፋ ወዲያው ይለያል።

በእጅ የሚያዝ ማንኛውም የኤሌክትሪክ መብራት የኤምሻ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ከኢንተርኔት በ15 ዶላር የተገዛ የግንባር ባትሪ፣ የስልክ ፍላሽ፣ የመኪና ጥገና መብራት፣ ሁሉም ክልክል ናቸው። ብርሃናቸው ደካማ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙዎቹ ከሄልሜቱ መብራት ይበልጥ ያበራሉ። ችግሩ ማብሪያ ማጥፊያቸው ውስጥ የምትፈጠረው ብልጭታ ናት። ክፍት ነበልባልም በሕጉ በጠባቡ ከተፈቀደው የብየዳ ሥራ በቀር አይገባም፤ ሲጋራና ላይተር ይዞ መውረድም ክልክል ነው፣ ፍተሻም አለው።

ቻርጅ ላይ ያለውን መብራት ሲያነሱ ገመዱን በጣትዎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሱ። የተላጠ፣ የተቆረጠ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ ካገኙ መብራቱን ለመብራት ክፍሉ ኃላፊ ይመልሱ። የፊቱ መስታወት የተሰነጠቀም እንዲሁ። ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 2፦ መብራት የግድ የሚሆንበትን ቦታ ይለዩ

ሕጉ ዋሻውን ሙሉ አብሩ አይልም። «የሥራ ቦታ» የሚለው ከመጨረሻው ክፍት መተላለፊያ አንስቶ እስከ ቁፋሮው ግንባር ያለውን ክፍል ነው። በዚያ ክልል ውስጥ በራሱ የሚንቀሳቀስ ማሽን ሲሠራ ብርሃኑ መኖር አለበት፤ እሱም ሠራተኛው ሄልሜት ላይ ካለው መብራት ተጨማሪ ሆኖ ነው። «ሁሉም የራሱን መብራት ይዟል» የሚል መከራከሪያ አይሠራም።

ምን ያህል ቦታ? እንደ ማሽኑ ይለያያል። ከሰሉን ፈልፍሎ የሚጭነው ኮንቲኒየስ ማይነር ከሆነ፣ ከግንባሩ አንስቶ ሻትል ካሩ (ከሰሉን ተቀብሎ የሚያመላልሰው ተሽከርካሪ) ጭነት ለመቀበል ቆሞ እስካለበት ጫፍ ድረስ ያለው ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ ወለልና የማሽኑ ገላ ይበራል። ለመቁረጫና ለመሰርሰሪያ ማሽንም ከግንባሩ የሚጀምር የራሱ ክልል አለ። ለጣሪያ ቦልት መትከያ ማሽን በዙሪያው 5 ጫማ። በሎንግዎል (ረጅም የከሰል ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በሚቆረጥበት ዘዴ) ላይ የጣሪያ ድጋፎቹ በተደረደሩበት ርዝመት ሁሉ መተላለፊያውና የከሰሉ ፊት ይበራል፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያውና የኮንቬየሩ ሁለት ጫፎች ደግሞ በተጨማሪ። ለሻትል ካርና ለመሳሰሉት ከፊትና ከኋላ 10 ጫማ ውስጥ የሚገኘው የግንባር ወይም የግድግዳ ከሰል ነው፣ ቢያንስ በማሽኑ ቁመትና ስፋት ልክ።

ይህን በቃል ለመያዝ አይሞክሩ። የክፍሉን ካርታ ያውጡና ለእያንዳንዱ ማሽን ክልሉን በቢጫ ማድመቂያ ይሥሩበት፤ ከዚያ ፎርማኑ በሚያርፍበት ቦታ ይለጥፉት። በዚያ ቢጫ ክልል ውስጥ ነው ሰው በማሽንና በግድግዳ መካከል የሚጨፈለቀው። ሪሞት የያዘው ኦፕሬተር የሚቆምበትን ቦታ በጨለማ ከመረጠ ማሽኑ ሲዞር ማምለጫ የለውም።

ደረጃ 3፦ መብራቱንና ወረቀቱን ያገናኙ

«የተፈቀደ» ማለት ኤምሻ በቤተ ሙከራ ፈትኖ የማረጋገጫ ቁጥር የሰጠው ማለት ነው። ማሽን ላይ የሚገጠሙት በደንቡ ክፍል 18፣ የሄልሜት መብራቶች በክፍል 19 ይመረመራሉ። ቤተ ሙከራው ዌስት ቨርጂኒያ ትራያዴልፊያ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚወጣው ሌላ ጠቃሚ ወረቀት ስለ ሙሉ የማሽን መብራት ሥርዓት የሚሰጠው የሙከራና ግምገማ መግለጫ ነው፤ ይህ ማሽን፣ በዚህ ቁመት ባለ ዋሻ፣ እነዚህ መብራቶች በእነዚህ ቦታዎች ቢገጠሙለት የሚፈለገውን ብርሃን ይሰጣል ይላል። ሥዕል አለው፤ እያንዳንዱ መብራት የት እንዳለ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

እንግዲህ ሥዕሉን ይዘው ወደ ማሽኑ ይሂዱ። መብራቶቹን ይቁጠሩ። ሥዕሉ ላይ አሥር ካሉ ማሽኑ ላይም አሥር ይኑሩ፣ ቦታቸውም እሱ ይሁን። ጥገና ላይ አንዱ መብራት ቅንፉ ሲታጠፍ «ለጊዜው» ወደ ጎን ተዛውሮ ዓመት የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲያ ሲሆን መግለጫው ለእናንተ ማሽን አይሠራም፤ ብርሃኑን በመለኪያ ማስመስከር ይኖርባችኋል። የድሮውን አምፖል አውጥቶ ኤልኢዲ ማስገባትም እንዲሁ ነው። ኤልኢዲ መልካም ነገር ነው፤ የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች ነጣ ያለው የኤልኢዲ ብርሃን በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሠራተኞች እግራቸው ሥር ያለውን እንቅፋት ቶሎ እንዲያዩ እንደሚረዳ አሳይተዋል። ግን ቀፎው የተፈተነው ከነውስጡ ነው። ውስጡን በራስ ሥልጣን የቀየረ ሰው የማረጋገጫ ቁጥሩን አብሮ ጥሎታል።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሪኩ

በማሽን ላይ ያለ መብራት ቀፎው በተለየ የመሬት ሽቦ ከማሽኑ ገላ ጋር መያያዝ አለበት። «በቦልቱ በኩል ተያይዟል» አይባልም፤ ቦልት ይዝጋል፣ ቀለም ይገባበታል።

በቦታው ተተክለው ለሚቆሙ መብራቶች ሕጉ ጠበቅ ይላል። የተለዋዋጭ ኃይል መስመሩ ከመሬት ጋር ሲለካ ከ70 ቮልት መብለጥ የለበትም። በሽቦዎቹ መካከል ሲለካ 100 ቮልትና ከዚያ በላይ የሆነ መስመር መነሻው ትራንስፎርመር ሆኖ የመካከለኛው ነጥብ በሬዚስተር በኩል ከመሬት ይያያዛል፤ ሬዚስተሩ የብልሽት ኃይሉ ከ5 አምፔር እንዳይበልጥ ተደርጎ ይመረጣል። ገመዶቹ እንደ ማሽን ተጎታች ኬብል ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ብሬከር ሊኖራቸው ይገባል። ግንባሩ ሲገፋ መብራቱን ወደ ፊት ከማዛወርዎ በፊት ኃይሉን ያጥፉ። እየበራ የሚጎተት ኬብል በድንጋይ ጠርዝ ሲቆረጥ ብልጭታው የሚወጣው ጋዝ በብዛት ባለበት በግንባሩ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ በየሳምንቱ የሚደረገው ምርመራ

እዚህ ላይ ረዘም ማለት አለብኝ፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ቢያንስ በየሳምንቱ በብቁ ኤሌክትሪሺያን መመርመርና መመዝገብ አለባቸው። ከሁሉ በፊት ሚቴን ይለካ። በሥራ ቦታ 1 በመቶ ከደረሰ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ይጠፋሉ፤ 1.5 በመቶ ከደረሰ ሰው ይወጣል። ጋዙ ደህና ከሆነ ማሽኑን በቦልት የታሰረ ጣሪያ ሥር ያቁሙ። ኃይሉን ያቋርጡ፣ መቋረጫውን በራስዎ ቁልፍ ይቆልፉ፣ ስምዎ ያለበትን ታግ ይስቀሉ። ቁልፉ በኪስዎ ይሁን፤ «እኔ አለሁ፣ ማንም አይነካውም» ብሎ ጓደኛን ማቆም ቁልፍን አይተካም።

አሁን ጨርቅዎን ያውጡና መስታወቱን ይጥረጉ። ሲጠርጉ ስንጥቅ ይፈልጉ። ከዚያ ቀፎውን የሚይዙትን ቦልቶች ይቁጠሩ፤ ሁሉም አሉ? ጠብቀዋል? የመቆለፊያ ዋሸራቸውስ? አንድ ቦልት የጎደለው የፍንዳታ መከላከያ ቀፎ ምንም ያህል ቢያበራ ሕገ ወጥ ነው።

ምክንያቱ ከዴቪ ፋኖስ የተለየ አይደለም። ቀፎው አየር የማያስገባ ዕቃ አይደለም፤ ጋዝ ይገባዋል። ውስጡ ያለው ጋዝ ቢቀጣጠል ነበልባሉ የሚወጣው በክዳኑና በአካሉ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ጠባብና ረጅም ከሆነ እሳቱ በብረቱ መካከል ሲያልፍ ይበርዳል፤ ውጭ ሲደርስ የሚያቀጣጥልበት ሙቀት የለውም። በክፍል 18 መሠረት፣ በአንድ ደልዳላ ገጽ ለተገጣጠመ ክዳን የሚፈቀደው ክፍተት እንደ ቀፎው የውስጥ ይዘት ከ0.002 እስከ 0.004 ኢንች ነው። አንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.004 ኢንች ገደማ ነው። ይህን በዐይን ማየት አይቻልም፤ ውፍረታቸው የታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት ፊለር ጌጅ ይፈተሻል። ቅጠሏን በመጋጠሚያው ዙሪያ እየገፉ ይሂዱ። ማለፍ የሌለባት ቅጠል ካለፈች ቀፎው ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ቅጠሏ በሦስት ጎን እምቢ ብላ በአራተኛው ጎን ዘው አለች። ክዳኑን ስከፍተው መጋጠሚያው ላይ ምስር የምታክል የደረቀ ቀለም ተጣብቆ አገኘሁ። ማሽኑ አዲስ ቀለም ሲቀባ ክዳኑ ሳይዘጋ የተንጠባጠበ ይመስላል። በእንጨት ፈቅፍቄ አወጣሁት። በብረት መፋቂያ ቢሆን ገጹን ጭሬ ሌላ መንገድ ለእሳቱ እከፍትለት ነበር።

ቀጥሎ ገመዱ ወደ ቀፎው የሚገባበትን ቦታ ያዩታል። ማሸጊያው ጠብቋል? ገመዱን በእጅ ሲስቡት ይንሸራተታል? በላዩ ያለው የጎማ ቱቦ ተቀዷል? ብዙ ጊዜ መብራቱ ሳይሆን ከእሱ አንድ ስንዝር ራቅ ያለው ገመድ ነው የሚጎዳው፤ ማሽኑ ግድግዳ ሲታከክ የሚላጠው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ራስዎ ይለኩ

ተቆጣጣሪ እስኪመጣ አይጠብቁ። ሕጉ የሚፈልገው ዝቅተኛ የገጽ ብሩህነት 0.06 ፉት-ላምበርት ነው፤ በሜትር ልክ በካሬ ሜትር 0.2 ካንዴላ ገደማ ይሆናል። መለኪያው የሰው ዐይን ለቀለማት ባለው ስሜት ልክ የተስተካከለ፣ ወደ ብሔራዊ መለኪያ ደረጃ በሚመለስ መሣሪያ የተካሊበረ፣ የሚያይበት ማዕዘንም ከ24 ዲግሪ ያልበለጠ መሆን አለበት። ለፎቶግራፍ የሚሸጠው ርካሽ የብርሃን መለኪያ ይህን አያሟላም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሳይንቀሳቀስ፣ በሥራ ቦታው መካከል ገደማ፣ ጭንቅላቱ ወደ ግንባሩ ዞሮ ይቆማል። መብራቶቹ ይበራሉ። የሰው የሄልሜት መብራት ሁሉ ከሚለካው ቦታ ይዞራል፤ የእርስዎም ጭምር፣ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። መለኪያውን ከሚለካው ገጽ ጋር ቀጥ አድርገው ይይዛሉ። በአንድ ጊዜ ከ3 ያላነሰ ከ5 ያልበለጠ ካሬ ጫማ ስፋት ማየት አለበት። ማዕዘኑ 24 ዲግሪ በሆነ መለኪያ ይህ ማለት ከገጹ 5 ጫማ ገደማ፣ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ መቆም ነው። ተጠግተው ቢለኩ አንዲት የምታብረቀርቅ ነጥብ ታታልልዎታለች።

የጣሪያ ድጋፍ ምሰሶ ወይም የአየር ማስተላለፊያ ዕቃ ጥላ የጣለበት ቦታ ላይ አይለካም። በተረፈ ግን የጨለመውን ማዕዘን ይፈልጉ፤ ደማቁን ለክቶ መደሰት ራስን ማታለል ነው። እኔ ለቦልት መትከያ ማሽን ሁልጊዜ የምጀምረው ከኋላ ቀኝ ጎኑ ወለል ነው፤ ኬብሉ የሚጠቀለልበት ስለሆነ መብራቱ እዚያ ይጋረዳል።

ለምን ከሰሉ ላይ እንደሚከብድ በቁጥር ይዩት። 4 በመቶ ብቻ የሚመልስ ጥቁር ከሰል 0.06 ፉት-ላምበርት እንዲሰጥ 1.5 ፉት-ካንድል፣ ማለትም 16 ሉክስ ያህል ሊያርፍበት ይገባል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተረጭቶበት 40 በመቶ የሚመልስ ግድግዳ ቢሆን አንድ አሥረኛው፣ 1.6 ሉክስ ይበቃዋል። የኖራው ዱቄት በሕግ የሚረጨው የከሰል አቧራ ፍንዳታን ለመከላከል ነው፤ ብርሃኑ ምርቃት ነው። ነገር ግን ግዴታው ከግንባሩ 40 ጫማ ሲቀር ያበቃል። ስለዚህ ብርሃን በብዛት የሚያስፈልግበት ቦታ ከሰሉ ራቁቱን የቆመበት ነው። ኋላ ያለውን ነጭ ግድግዳ ለክታችሁ «ደህና ነን» አትበሉ።

ደረጃ 7፦ ቀለም፣ አንጸባራቂና የሚወጋ ብርሃን

የማሽኑ ውጫዊ ቀለም ቢያንስ 30 በመቶ ብርሃን የሚመልስ መሆን አለበት። ኦፕሬተሩ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጡ ግን ዐይን እንዳይረብሽ ከዚህ ነጻ ነው። ቢጫና ነጭ ይህን በቀላሉ ያሟላሉ፤ ስድስት ወር የቅባት እድፍ የጠጣ ቢጫ ግን ቢጫ አይባልም። ማሽኑን ማጠብ የብርሃን ሥራ ነው። የተተከሉ መብራቶችን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በማሽኑ ሁለት ጫፍ ቀይ አንጸባራቂ፣ ስፋቱ ከ10 ካሬ ኢንች ያላነሰ፣ ይለጠፋል፤ ለኮንቲኒየስ ማይነር፣ ለጫኝና ለመቁረጫ ማሽን የኋላው ብቻ ይበቃል።

ሕጉ መብራቶች ዐይን እንዳይወጉ በተቻለ መጠን እንዲገጠሙም ያዛል። ይህን አንቀጽ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሠራተኛው ግን በራሱ መንገድ ይፈጽመዋል፦ ዐይኑን የወጋውን መብራት ጭቃ ይቀባዋል ወይም ጓንት ያለብሰዋል። ጭቃ የተቀባ መብራት ካያችሁ ሰውየውን ከመቆጣታችሁ በፊት እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። መብራቱ በእርግጥ ፊቱ ላይ ያበራል? እንግዲያው ሥዕሉ በሚፈቅደው ልክ አንግሉን ማስተካከል ወይም በአምራቹ የተፈቀደ ማከፋፈያ መስታወት መግጠም ነው። ካልሆነ ነገም ጭቃ ይቀባል።

በሰውና በሰው መካከልም ያው ነው። ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ራስዎን ዝቅ አድርገው ብርሃኑን ደረቱ ላይ ያሳርፉ። በጨለማ የለመደ ዐይን አንዴ ከተመታ ለመመለስ ደቂቃዎች ይወስድበታል፤ ሙሉ በሙሉ ለመልመድማ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል።

ደረጃ 8፦ በሺፍት መካከል መብራት ቢጠፋ

አንድ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ፈተና ፎርማኑ ላይ ነው፤ ሦስት ሻትል ካር ጭነት ብቻ ቀርቶታል። ማሽኑ በዚያ የሥራ ቦታ የሚሠራው የተደነገገው ብርሃን ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ይቆማል፣ ወደ ታሰረ ጣሪያ ሥር ወደ ኋላ ይወጣል። ያልታሰረ ጣሪያ ሥር አምፖል ለመቀየር የሚገባ ሰው የለም። ሚቴን ይለካል፣ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ይቆለፋል፣ ታግ ይሰቀላል። ቀፎው ከዚህ በፊት አይከፈትም። መለዋወጫው ሙሉ ቀፎ ሆኖ በክፍሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ሥራው 20 ደቂቃ ነው፤ መጋዘን ላይ ከሆነ ግማሽ ሺፍት ይበላል። ለእያንዳንዱ የመብራት ዓይነት አንድ ቀፎ ግንባሩ አካባቢ ባለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ፤ መጋጠሚያው እንዳይጫር በጨርቅ ይጠቅልሉት።

ደረጃ 9፦ መዝገቡ

ኤምሻ እያንዳንዱን ከመሬት በታች ያለ ማዕድን በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቆጣጠራል፤ አስቀድሞ አያሳውቅም፣ ማሳወቅም በሕግ ክልክል ነው። የሠራተኞች ተወካይ አብሮ የመዞር መብት አለው። ተቆጣጣሪው ቢሮ ሲገባ የሚያየው የሳምንቱን የኤሌክትሪክ ምርመራ መዝገብ ነው፤ ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ደግሞ «ሁሉም ደህና» የሚል ገጽ ሲደረደር ይጠረጥራል። ሃያ ሳምንት ሙሉ አንድ ቦልት እንኳ ያልላላበት ማሽን የለም።

ስለዚህ ያገኙትንም ያስተካከሉትንም ይጻፉ። የእኔ ገጽ እንዲህ ያለ ነበር፦

«ቦልት መትከያ ቁጥር 2። ሚቴን 0.2 በመቶ። ተቆልፎ ታግ ተሰቅሏል። መብራት 8 ከ8። የኋላ ቀኝ መብራት አንድ ቦልት ላልቶ ተገኘ፣ ጠብቋል፣ ፊለር ጌጅ አላለፈም። የግራ የፊት መብራት ገመድ ቱቦው ተቀዶ ተገኘ፣ ተቀይሯል። መስታወት ሁሉ ተጠርጓል። የኋላ ቀኝ ወለል ንባብ 0.08።» ከሥሩ ሰዓት፣ ቀንና ፊርማ።